የእንቁላል ቅርፊት፣ የሳንቡሳ ዘይት እና 59 ዲግሪ፦ የሲኒየር ፕሮጀክት ማስታወሻ ከኮምቦልቻ

ታኅሣሥ 30፣ 2018

ገና ትናንት ነበር። ደሴ እቤት ነኝ። ለዶሮ ወጡ 24 እንቁላል ተቀቅሎ ነበር፤ ቅርፊቱ ሳይጣል ሰብስቤ በፌስታል ቋጠርኩት። እናቴ "ምን ልታደርገው ነው?" አለችኝ። "ናፍጣ ልሠራበት" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና ወደ ወጧ ተመለሰች።

ርዕሳችን ጸድቋል። ካገለገለ የምግብ ዘይት ባዮዲዝል መሥራት፣ በእንቁላል ቅርፊት ካታሊስት። አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙ አገር ተሞክሯል። አድቫይዘራችንም ይህን ያውቃሉ። "አዲስ ነገር አልጠብቅም፤ ቁጥራችሁ ግን የራሳችሁ ይሁን" ብለውናል።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። እኔ ከደሴ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዷ ከባቲ። ግቢ ውስጥ ሰው በአገሩ ነው የሚጠራው፤ እዚህም "ሐይቁ" እና "ባቲ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የምግብ ዘይት ትራይግሊሰራይድ ነው፤ ሦስት ረጃጅም ጭራ ያለው ሞለኪውል። ከሜታኖል ጋር ሲገጥም ጭራዎቹ ተለያይተው ሜቲል ኤስተር ይሆናሉ። ባዮዲዝል ማለት እሱ ነው። የሚተርፈው ግሊሰሪን ነው። ዘይትና ሜታኖል ብቻቸውን ቢቀመጡ ግን አይግባቡም፣ ደላላ ይፈልጋሉ። ካታሊስት ኮሚሽን የማይቆርጥ ደላላ ነው፤ ቢያንስ ክፍል ውስጥ የተማርነው እንደዚያ ነው።

የኛ ደላላ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። ያው የኖራ ዘር። የእንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ገደማው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ በደንብ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ኦክሳይዱ ይቀራል። ሐይቁ "ታዲያ ኖራውን ከገበያ አንገዛም?" ብሎ ነበር። ለግድግዳ የሚሸጠው ኖራ ውኃና አየር የጠጣ ነው፤ እሱንም መልሶ ማቃጠል ያስፈልጋል። ቅርፊቱ ደግሞ ነጻ ነው።

ለምን ኮስቲክ ሶዳ አልተጠቀምንም ለሚል ደግሞ፦ ኮስቲክ ሶዳ ፈጣን ነው፤ ግን ሜታኖሉ ውስጥ ይሟሟል። ካለቀ በኋላ በውኃ አጥቦ ማውጣት ነው፣ መልሶ መጠቀም የለም። ጠጣር ካታሊስት ተጣርቶ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ይሠራል። በሐሳብ ደረጃ።

ከጥር 6 እስከ 10

ግቢው አጠገብ ካለች ቁርስ ቤት ጋር ተነጋገርን። ፍርፍር ሲሠሩ ቅርፊቱን በባልዲ ያስቀምጡልናል። በአምስት ቀን ከቤት ካመጣሁት ጋር 310 ግራም ደረቅ ቅርፊት ሆነ። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 6 ግራም ገደማ ነው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ ትንሽ ነው።

ሥራው ማጠብ፣ መቀቀል፣ የውስጡን ስስ ልባስ መላጥ፣ 105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማሳደር፣ መፍጨት ነው። ልባሱን መላጥ ያሰለቻል። መጀመሪያ "ይቃጠል የለ፣ ምን ቸገረን" ብለን ዘለልነው። ስህተት ነበር። ልባሱ ፕሮቲን ስለሆነ ፈርነስ (የላቡ ከፍተኛ ሙቀት ምድጃ) ውስጥ ሲገባ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ኮሪደሩ ሙሉ ሸተተ፤ ሁለት ሌላ ቡድኖች ላቡን ለቀው ወጡ።

መፍጫ አልነበረንም። የእናቴን የቡና ሙቀጫ ይዤ ወረድኩ፤ ሳላስፈቅድ። እስካሁን አልመለስኩም።

ጥር 14። የመጀመሪያው ቃጠሎ

100 ግራም ዱቄት ጥልቅ ክሩሲብል (እሳት የሚችል የላብ ጽዋ) ውስጥ ሞልተን 700 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት አስገባን። 700 ያልነው ፈርነሱን ላለማስጨነቅ ነው፤ በሩ በደንብ አይዘጋም።

ሲወጣ 71 ግራም።

እዚህ ላይ ሚዛን ጥሩ አስተማሪ ነው። 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ሙሉ በሙሉ ከተቃጠለ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጣል፤ 56 ይቀራል። ከኛ ቅርፊት 55 ገደማ ነበር የምንጠብቀው። 71 ማለት ሲሶው ገና ጥሬ ነው። ለማረጋገጥ ኮምጣጤ ጠብ አደረግንበት፤ እንደ ሚሪንዳ ተንፈቀፈቀ። ሙሉ ኦክሳይድ ቢሆን ኖሮ ይግላል እንጂ እንዲህ አያረፋም።

ጥር 19። ክሩሲብሉ ተሰነጠቀ

ያንኑ 71 ግራም መልሰን 900 ላይ አስገባነው። ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ጠፋ። ሐይቁ "እንየው" ብሎ በሩን ከፈተው። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ ክሩሲብሉ ቋ አለ፣ ዱቄቱ ፈርነሱ ወለል ላይ ፈሰሰ።

የላብ ቴክኒሻኑን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አልተቆጡም። "መብራት ሲሄድ ፈርነስና ድስት አይከፈትም" ብለው መጥረጊያ ሰጡን። ለክሩሲብሉ ግን ፎርም አስሞሉን።

ጥር 21

የቀረውን 210 ግራም ከፈልነው። 110 ግራሙን በጥልቅ ሳይሆን በሦስት ጠፍጣፋ የሸክላ ሰሃን ስስ አድርገን ዘረጋን። ወፍራም ክምር ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ይታፈናል፤ ታፍኖ ሲቆይ ቃጠሎውን ራሱ ይገታዋል። ስለዚህ የፈርነሱን የላይኛውን መተንፈሻም ከፈትነው። ያ የማይዘጋ በር ለካ የጠቀመን ነገር ነበረው።

900 ዲግሪ፣ 3 ሰዓት። መብራት አልጠፋም። 110 ገብቶ 60.5 ወጣ። ኮምጣጤ ላይ አላረፋም። አንድ ማንኪያ ላይ ውኃ ጠብ ስናደርግ ደግሞ ጭስ ብሎ ጋለ። ባቲ በሞባይሏ ቀረጸችው። ያን ቀን ምሳ እኔ ጋበዝኩ።

ጥር 26። የፌስታሉ ቅዳሜና እሑድ

60.5 ግራሙን የት አስቀመጥነው? ፌስታል ውስጥ። ቋጥረን፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዓርብ በፊት ጀምሮ እስከ ሰኞ።

ሰኞ ስንመዝነው 67 ግራም ሆኗል። ዱቄት አይወልድም። 6.5 ግራም ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ጠጥቷል። ዴሲኬተር (ዕቃ ከእርጥበት የሚጠበቅበት ክዳን ያለው ዕቃ) ነበረን፤ ግን ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጩ ሲሊካ ጄል ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ሆኖ ከርሟል፣ ማለትም ጠግቧል። ማንም አላየውም።

ያደረግነው፦ ሲሊካ ጄሉን ኦቨን ውስጥ ሰማያዊ እስኪሆን አደረቅነው። ካታሊስቱን መልሰን 900 ላይ 1 ሰዓት ከግማሽ አስገባነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ በመስታወት ጠርሙስ አሽገን ዴሲኬተር ውስጥ ከተትነው። ከዚህ በኋላ ሕጉ፦ የተቃጠለ ካታሊስት በ3 ቀን ውስጥ ካልተሠራበት መልሶ ይቃጠላል። ያነበብናቸው ወረቀቶች "በዴሲኬተር ተቀመጠ" ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ለኛ ያ መስመር አንድ ሳምንት ነው።

የካቲት 3። አጥሚት

ሜታኖሉ ከአዲስ አበባ መጣ። 2.5 ሊትር፣ 4,200 ብር፣ ለሦስት ተካፈልን። ጠርሙሱ ላይ ባቲ በቀይ ማርከር የራስ ቅል ሣለችበት። ሽታው አረቄ ነው የሚመስለው፤ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ጓንት፣ መነጽር፣ ሁድ (ትነት ስቦ የሚያወጣ የላብ ሳጥን) ውስጥ ብቻ። በዚህ ቀልድ የለም።

ዘይቱን ከአንድ ሆቴል በነጻ አገኘን። 5 ሊትር፣ እንደ ቡና የጠቆረ፣ ቺፕስ ሲጠበስበት የከረመ። ነጻ ስለሆነ ደስ ብሎን ተሸክመን መጣን።

መጠኑ፦ 100 ግራም ዘይት፣ 55 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ 5 ግራም ካታሊስት። የሜታኖሉ ስሌት ለ1 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ዘይት 12 ሞል ነው። በስሌት ደረጃ 3 ይበቃል፤ ግን ወደፊት የሚሄደው ሪአክሽን ወደ ኋላም ስለሚመለስ ሜታኖሉን አብዝተን እንገፋዋለን።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ወፈረ። የሚያማስለው ማግኔት መዞር አቆመ። ከሰዓት በኋላ አጥሚት ሆነ፤ ያውም የቆየ አጥሚት። ሳሙና ሠርተናል።

ምክንያቱን በኋላ ነው የለካነው። መጀመሪያ መለካት የነበረበት እሱ ነበር። ዘይት ደጋግሞ ሲጠበስበት ይሰባበርና ነጻ ፋቲ አሲድ ይበዛበታል። አሲዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ሳሙና ይሆናል። 2 ግራም ዘይት በአይሶፕሮፓኖል አሟሙተን፣ ፊኖልፍታሊን (ቀለም የሚቀይር አመልካች) ጨምረን፣ በ0.1 ኖርማል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አደረግን፤ ማለትም አሲዱ እስኪያልቅ ጠብ ጠብ እያደረግን ለካን። 3.2 ሚሊ ሊትር ፈጀ። ይህ በአሲድ ቫሉ (የ1 ግራም ዘይት አሲድ የሚፈጀው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በሚሊግራም) ወደ 9 ይመጣል፤ ነጻ አሲዱ 4.5 በመቶ ነው ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ካታሊስት ከ2 በመቶ በላይ ሲሆን ችግር ይጀምራል።

መፍትሔ ተብሎ የሚጻፈው ዘይቱን አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ ማከም ነው። ይሠራል። ግን ተጨማሪ ሜታኖል ይበላል፣ አሲዱም ታጥቦ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ካታሊስታችንን ይገድለዋል። ሦስታችን ተነጋግረን ተውነው። የተሻለ ዘይት መፈለግ ይቀላል።

የካቲት 13። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ለፕሮጀክታችን ይህ ማለት ግማሽ ኪሳራ ግማሽ ሲሳይ ነው። ቁርስ ቤቷ እንቁላል ማብሰል አቆመች፤ ግማሹ ደንበኛ ይጾማል፣ ግማሹም ይጾማል። የቅርፊት ባልዲያችን ባዶ ሆነ። የቀረን ያልተቃጠለ ቅርፊት 100 ግራም ብቻ ነው።

በአንጻሩ ኮምቦልቻ ማታ ማታ ሳንቡሳ በሳንቡሳ ሆነች። ባቲ ከምታውቃቸው አንዲት ሳንቡሳ ጠባሽ ጋር ወሰደችን። ማዘር አልናቸው። ያገለገለ ዘይት እንደምንፈልግ ስንነግራቸው መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ መልሰን የምንሸጠው መስሏቸው ነው። እውነታቸውን ነው። ቀለም ጨምረንበት ወደ ላብ እንደምንወስድ፣ ማንም እንደማይበላው ማልን። "አብሽሩ ልጆቼ፣ በየሦስት ቀኑ ኑ" አሉን። ሦስት ሦስት የምስር ሳንቡሳም ጠቀለሉልን። የምስር ሳንቡሳ ለባቲም ማፍጠሪያ ይሆናል፣ ለኔም ጾም ነው።

የሳቸው ዘይት ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ቀለሙ ገና ወርቃማ ነው። ታይትሬሽኑ 0.9 ሚሊ ሊትር፤ አሲድ ቫሉ 2.5 ገደማ፤ ነጻ አሲዱ 1.3 በመቶ። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሳንቡሳ ዘይት ውኃ አለው። ሊጡና ምስሩ ይተፉበታል። በጨርቅ አጥልለን፣ 110 ዲግሪ ላይ መንጣጣቱን እስኪያቆም አሞቅነው። ውኃ ካታሊስቱንም ያጠፋል፣ ሳሙናም ያመጣል።

የካቲት 20። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል (አልተበላሸም)

ካታሊስቱን በመጀመሪያ ከሜታኖሉ ጋር ብቻ 30 ደቂቃ አማሰልነው። ከዚያ የሞቀውን ዘይት ጨመርን። ይህ ቅደም ተከተል ይረዳል፤ ካልሲየም ኦክሳይዱ ከሜታኖሉ ጋር ቀድሞ ሲላመድ ገጹ ላይ ሜቶክሳይድ ይፈጠራል፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

የምንከተለው ፕሮቶኮል 65 ዲግሪ፣ 2 ሰዓት ይላል። ቴርሞሜትሩ ግን 59፣ 60 ላይ ቆመ። ሆትፕሌቱን (የላብ ማሞቂያውን) ጨመርን። 60። አሁንም ጨመርን። 60። ኮንደንሰሩ (ትነቱን በውኃ አቀዝቅዞ ወደ ብልቃጡ የሚመልሰው ቱቦ) በላይ በኩል ማልቀስ ጀመረ፣ ሁዱ ሜታኖል ሜታኖል ሸተተ። አጠፋነው። ስንመዝን 20 ግራም ጠፍቷል፤ ከጨመርነው ሜታኖል ግማሽ ያህሉ በረረ።

ቴርሞሜትር ቀየርን። ያው። ሐይቁ ሆትፕሌቱን መክሰስ ጀመረ። ጋሼ መጥተው አዩና "ውኃ አፍሉበት" ብለው ሄዱ። አፈላን። ውኃው 94 ላይ ፈላ።

ለደቂቃ ዝም ተባለ። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሜታኖል ባሕር ዳርቻ ላይ 64.7 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እዚህ 59 ገደማ ላይ። የወረቀቱ 65 ዲግሪ በክፍት ብልቃጥ እዚህ የለም። ሆትፕሌቱን እስከ መጨረሻ ብታዞረው ትነቱን ታበዛለህ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ሜታኖሉ 57 ገደማ ላይ ያበቃለታል። እናቴ "የደሴ ባቄላ እንጨት ይጨርሳል" ስትል የኖረችው ይህንን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት በየሳምንቱ ጆሮዬ ጓ እያለ የምወርደው ልጅ እስካሁን አላሰብኩትም።

አማራጩ ሁለት ነው። በግፊት የሚዘጋ ዕቃ፣ ወይም ሰዓት መጨመር። ሜታኖልን በግፊት ማፈን ለኛ ላብ አይሆንም፤ አድቫይዘራችን ገና ሳንጨርስ "አይ" አሉ። ስለዚህ ሰዓት።

የካቲት 27። ቢጫው ጀሪካን

ኮንደንሰሩ ለምን ይተፋል? የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ቀጭን ነው። 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ገዛን፣ ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ጀሪካን። በላስቲክ ቱቦ በስበት ይወርዳል፣ ከታች ባልዲ ይቀበላል፣ ባልዲው ሲሞላ ከመካከላችን አንዱ ይገለብጣል። ለ4 ሰዓት ሥራ አስራ አንድ ጊዜ ገለበጥን። ጡንቻ ያለው ሐይቁ ነው፣ እሱ ላይ ወደቀ።

የማማሰሉንም ነገር አስተካከልን። ዘይትና ሜታኖል አይዋሃዱም፣ ካታሊስቱ ደግሞ ከታች ይተኛል። ሦስት የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ናቸው። ትንሿ ማግኔት ዱቄቱን አታነሳውም፤ በትልቅ ቀየርን፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 700 ዙር አወጣን። የልዩነቱ ግማሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። መረጃ ግን የለኝም፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ስለቀየርን። ይህም ስህተት ነው።

59 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። የሜታኖል ኪሳራ 3 ግራም ብቻ።

ሴፓራቶሪ ፈነሉን (የማይዋሃዱ ፈሳሾች የሚለዩበትን ዕቃ) ሌላ ቡድን ይዞታል። አንድ ሃይላንድ ክዳኑን በስተን፣ አጭር ቱቦ ተክለን፣ በመቆንጠጫ ዘጋንና ዘቅዝቀን ሰቀልነው። አደረ። ጠዋት ከላይ ወርቃማ ባዮዲዝል፣ መሐል ቡናማ ግሊሰሪን፣ ከታች የካታሊስቱ ነጭ ጭቃ። ሦስት መስመር፣ በገመድ የተለካ ይመስል። ቱቦው ግን አብጦ ልፍስፍስ ብሏል፤ ሜታኖልና ባዮዲዝል አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳሉ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሆነው።

መጋቢት 6። ማጠብ

የላይኛውን ወሰድን። በማጣሪያ ወረቀት ሞከርን፣ በ10 ደቂቃ ተደፈነ። ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ) ውስጥ በደቂቃ 4,000 ዙር ለ10 ደቂቃ፤ ጥርት አለ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ አጠብነው። ሐይቁ ብልቃጡን እንደ ወተት ናጠው፤ እንደ ወተትም ሆነ። ነጭ፣ የማይለያይ። የካልሲየም ሳሙና ነው ሁለቱን አጣብቆ የያዘው። ጨው ውኃ ጨምረን አንድ ቀን ተኩል ጠበቅን። ተለየ።

ከዚያ በኋላ አልናጥንም። ውኃውን በቀስታ ከላይ እያፈሰስን፣ ዝም ብሎ እንዲወርድ። ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ 110 ላይ ማድረቅ።

ፈተናው ቀላል ነው። 3 ሚሊ ሊትር ምርት በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ። ባዮዲዝል ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ያልተቀየረ ዘይት ግን ከታች ይዘቅጣል። የካቲት 20 በ2 ሰዓት ከቆመው ያስቀመጥነው ናሙና ከታች ወፍራም ጠብታ ተኛበት። የ4 ሰዓቱ ጥርት አለ። ባቲ እንደገና ቀረጸች።

መጋቢት 17

ሦስት ጊዜ ደገምነው። ከ100 ግራም ዘይት 84፣ 86፣ 79 ግራም ምርት። ሦስተኛው ያነሰው ማጠቢያ ላይ ስላፈሰስኩ ነው። ሐይቁ "79ኙን እናውጣው፣ 85 ብለን እንጻፍ" አለ። ተከራከርን። ባቲ "ማፍሰስም የኛ ቁጥር ነው" አለችና ተዘጋ። አማካዩ 83።

ሪፖርቱን ስናሳይ አድቫይዘራችን "ይህ ዪልድ ነው ወይስ ኮንቨርዥን?" አሉን። ዪልድ የወጣው ምርት መጠን ነው፤ ኮንቨርዥን ደግሞ ከዘይቱ ምን ያህሉ እንደተቀየረ። እኛ ሁለቱንም ቃል እያቀላቀልን ጽፈናል። የመዘንነው የወጣውን ፈሳሽ ነው። ውስጡ ስንት በመቶ ሜቲል ኤስተር እንዳለ ለማወቅ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል። የአውሮፓው መስፈርት ቢያንስ 96.5 በመቶ ይጠይቃል። እኛ መሣሪያው የለንም። ስለዚህ "ኮንቨርዥን" የሚለው ቃል ከሪፖርቱ በሙሉ ወጣ። 14 ቦታ ነበር።

መለካት የምንችለውን ለካን። ዴንሲቲው (በሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሆነ) 0.88፤ መስፈርቱ በ15 ዲግሪ ከ0.86 እስከ 0.90 ነው፣ የኛ በ24 ዲግሪ የተለካ ነው። አሲድ ቫሉ 0.6፤ መስፈርቱ 0.5። ትንሽ አልፈናል። እንዳለ ጻፍነው።

መጋቢት 26። ፖስታው

ኤክስአርዲ (ዱቄቱ ውስጥ የትኛው ውህድ እንዳለ በኤክስሬይ የሚለይ ምርመራ) የሚሠራልን አዲስ አበባ ተገኝቶ ነበር። ካታሊስቱን በወር መጀመሪያ ላይ ልከን ነበር፤ በወረቀት ፖስታ፣ ወደዚያ በሚሄድ ዘመድ እጅ። ወረፋም ጠበቀ። ዛሬ ውጤቱ መጣ።

የካልሲየም ኦክሳይድ መስመሮች አሉ፤ 32.2 እና 37.4 ዲግሪ ማዕዘን ላይ። ግን 18 እና 34 ላይም ትልልቅ ጫፎች አሉ። እነሱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ናቸው። 29.4 ላይም ካርቦኔቱ ብቅ ብሏል። ኖራችን በመንገድ ላይ ውኃ ጠጥቷል።

የጥር 26ቱን ስህተት፣ ስለ ፌስታል ይህን ሁሉ ጽፌ፣ በፖስታ ደገምኩት። ያሸግኩት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 8

ፋሲካ አለፈ። ደሴ እቤት 30 እንቁላል፤ ዘንድሮ ለኔ ብላ ቅርፊቱን አጥባ ያስቀመጠችው እናቴ ናት። "ሙቀጫዬስ?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄውን አለፍኩት።

ካታሊስቱን መልሶ የመጠቀሙን ሥራ ጨረስን። በሜታኖል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ገባ። አንደኛ ዙር 86፣ ሁለተኛ 78፣ ሦስተኛ 61። የምንሰበስበውም ዱቄት በየዙሩ ይቀንሳል። ከፊሉ ማጣሪያ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ግን እየሟሟ ወደ ግሊሰሪኑና ወደ ምርቱ ይገባል። ደላላው ኮሚሽን ይቆርጣል፤ ከራሱ ሥጋ። ሦስተኛው ላይ መልሰን 900 ብናቃጥለው ምን ያህል እንደሚያገግም ገና አላየንም።

ወጪ፦ ሜታኖል 4,200፣ ጀሪካንና ቱቦ 430፣ ጓንት 350፣ የተሰበረው ክሩሲብል 900፣ ለናሙናው ምርመራ 1,500። የእኔ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ አልተቆጠረም። እስካሁን ያወጣነው ባዮዲዝል አንድ ሊትር አይሞላም። ሐይቁ በሊትር ሊያሰላው ጀምሮ ነበር፣ ቀምተን አጠፋንበት። ከጅቡቲ ነዳጅ ጭነው በባቲ በኩል የሚያልፉት ቦቴዎች እኛን አይፈሩም።

ማታ ትንሽ ኩራዝ ውስጥ ጨምረን ለኮስነው። ነደደ፤ ጭሱ ከናፍጣ ኩራዝ ያነሰ ይመስላል፣ ሽታው የሳንቡሳ ነው። ቪዲዮውን ለአድቫይዘራችን ላክን። "ኩራዝ ዳታ አይደለም" ብለው መለሱ፤ ከሥር ግን የሳቅ ኢሞጂ አለ።

ማዘር ግሊሰሪኑን ለሳሙና ፈልገውት ነበር። እምቢ አልን፤ ሜታኖል አለበት፣ እጅ ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም። ቅር አላቸው። ሜታኖሉን በደንብ አውጥተን እስክንጨርስ ምልክት ተለጥፎበት ሁድ ውስጥ ተቀምጧል።

አዲሱ የኤክስአርዲ ናሙና በመስታወት ቲዩብ ውስጥ ነው። ከፈርነስ እንደወጣ ገባ፣ ቡሽ ተደረገበት፣ አፉ ላይ ሻማ ፈሰሰበት፣ ከዚያ ሲሊካ ጄል ያለበት ጣሳ ውስጥ ገባ። ያሸገችው ባቲ ናት፤ እኔ እንዳልነካው ተከልክያለሁ። የሦስተኛው ዙር ካታሊስት መልሶ ማቃጠያ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተመዝግቧል፣ መብራት ካለ።